አባባ ጃንሆይን የተሸከሙበት ሰመር

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኒውአርክ ውስጥ አንድ መጋዘን ገብቼ ነበር። ሰዎቹ ወለሉ ላይ ምንጣፍ እያጣበቁ ኖሮ፣ በሩን ስከፍት የማስቲሽ ሽታ ተቀበለኝ። ያ ጫማ ሠሪዎች ዘንድ የሚሸተው፣ ትንሽ የሚያዞረው፣ ትንሽም የሚጣፍጥ የሚመስለው ማስቲሽ። አብሮኝ የነበረው ልጅ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ቆሜ በረጅሙ ሳብኩት። «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሌክ ሜሪት አጠገብ ካለው አፓርትመንታችን ሥር፣ ሚስ ኦርሊን ጋራዥ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል።

ያን ሰመር እማዬ እኔን የምታደርግበት ጠፍቷት ነበር። እሷ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የቀን ሺፍት ትሠራለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ካምፕ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ግራ ሲገባት አባቷን ከሳን ሆዜ አስመጣቻቸው። አባባ ደምሴ የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አንድ ሻንጣ ልብስና ሁለት ሻንጣ መጽሐፍ ይዘው መጡ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ማንበብ ጀመሩ። እኔን መጠበቅ ማለት ለእሳቸው፣ በየሰዓቱ ከመጽሐፉ በላይ ቀና ብለው መኖሬን ማረጋገጥ ነበር።

አማርኛ እሰማለሁ፤ መናገሩ ላይ ግን አንደበቴ ይታሰራል። «አንተ አባባ፣ ውሃ ትፈልጋለህ?» እላቸዋለሁ። እማዬ ከኪችን ውስጥ «እርስዎ! እርስዎ በይ!» ብላ ትጮሃለች። እርስዎ የአባባ ሌላ ስማቸው መሰለኝና «እርስዎ አባባ፣ ውሃ ትፈልጋለህ?» ማለት ጀመርኩ። እማዬ ራሷን ያዘች። አባባ ግን ውሃውን ተቀብለው «አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ሶስና» አሉኝ።

ስለ አባባ ከዚህ ሌላ የማውቀው አንድ ነገር፣ ድሮ ታስረው እንደነበር ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ የሰማሁት ነው። ምን ሰርቀው እንደሆነ ግን ላጣራ አልቻልኩም። ሥራቸውን ሳስብ፣ ድልድይ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ።

ሚስ ኦርሊን ከታችኛው ፎቅ ነበረች። ከትሪኒዳድ የመጣች፣ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ድምጿ አሁንም መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተሳፋሪ የሚሆን ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘችኝና «አንቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ወደ ማስ ካምፕ ነይ እንጂ!» አለችኝ።

ማታ እራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። «ማሚ፣ ሚስ ኦርሊን ኢንቫይት አደረገችኝ። ማስ ካምፕ። ነጻ ነው።»

እማዬ መጀመሪያ የሰማችው «ካምፕ» እና «ነጻ» የሚሉትን ነው፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ሦስተኛው ቃል ደረሰ።

«ማስ? ማስ ማለት የካቶሊኮቹ ቅዳሴ አይደለም እንዴ? ምንድን ነው እዚያ የሚያደርጉት?»

«ልብስ ይሠራሉ» አልኳት። «በሰመሩ መጨረሻ ለብሰውት በሰልፍ ይወጣሉ። ንጉሥም አለ።»

ልብስ፣ ሰልፍ፣ ንጉሥ። ሁሉም ነገር እማዬ ላይ ካቶሊክ ሆነባት። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ልጇ ከአንድ ፎቅ በታች ወርዳ ሃይማኖት ልትቀይር ነው። «አባባ፣ እባክዎ ነገ ወርደው አንዴ ይዩልኝ» አለቻቸው። አባባ ከሠርግና ከቀብር በቀር ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። ቅዳሴ መሆን አለመሆኑን እንዲያጣሩ እሳቸውን መላክ ልክ አልነበረም። ግን ቀን ቀን ቤት ያለነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

በማግስቱ እጄን ይዘው ወረዱ። ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም። ግድግዳው በሙሉ ላባ ነው፤ ቀይ፣ ወርቃማ፣ አረንጓዴ። በየጠረጴዛው ላይ ዶቃ በጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል። ሁለት ሴቶች ስፖንጅ በማስቲሽ ያጣብቃሉ። ሚስ ኦርሊን በአውቶቡስ ድምጿ አስረዳችን። ማስ ማለት ቅዳሴ ሳይሆን የካርኒቫል ልብስና ጭምብል ነው። በየዓመቱ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች በየቡድናቸው ለብሰው ዳውንታውን ኦክላንድ ላይ በሙዚቃ ይወጣሉ፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ትልቅ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የንጉሥ ልብስ ይኖረዋል። የዘንድሮ ሐሳባቸው «የዓለም ነገሥታት» ነው። «ንጉሣችንን የሚሠራው እሱ ነው» ብላ ወደ ጥግ አመለከተች።

ጥጉ ውስጥ አንድ ረጅም ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽቦ በፒንሳ ያጠማዝዛል። ሚስተር ክላይቭ ይባላል፤ ጃማይካዊ ነው። ፀጉሩን በትልቅ የሱፍ ኮፍያ ጠቅልሎ ስለያዘው፣ እኔ ኮፍያው ውስጥ ዳቦ የሚያስቀምጥ መሰለኝ። ከጀርባው ግድግዳው ላይ የሚሠራው ልብስ በትልቅ ወረቀት ተስሏል። ዘውድ፣ ካባ፣ ከትከሻው የሚወጣ ክንፍ፣ ከኋላው አንበሳ፤ ፊቱም የታወቀ ፊት።

አባባ ስዕሉን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቀሩ።

«ከየት ነዎት?» አላቸው ክላይቭ። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ እንደማይለይ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን የተናገረው በእርስዎ ነበር፣ ከድምፁ ያስታውቃል።

«ከኢትዮጵያ።»

ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። «ግርማዊነታቸውን በዓይንዎ አይተዋቸዋል?»

«ሁለት ጊዜ» አሉ አባባ። «አንድ ጊዜ በሒሳብ አንደኛ ወጥቼ ሰዓት ሸለሙኝ። አንድ ጊዜ አሰሩኝ።»

ክላይቭ ትንሽ አሰበ። «የሆነ ነገር አጥፍተው ይሆናላ» አለ።

አባባ ዞረው ወጡ። እኔ ግን ክላይቭን በአዲስ ዓይን አየሁት። ስለ ድልድዩ ሳያውቅ አይቀርም።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ «እሺ? ቅዳሴ ነው?» አለች።

«ቅዳሴ የለም» አሉ አባባ ከመጽሐፉ ቀና ሳይሉ። «ጃንሆይ ግን አሉ።»

እማዬ ጃንሆይ ከቅዳሴው ይሻላሉ ብላ መሰለኝ፣ ፈቀደችልኝ። አባባ ግን ሁለተኛ እንደማይወርዱ ማሉ። መሐላው የቆየው እስከ ቁርስ ነው። እንቁላላቸውን ሳይነኩ ናፕኪን ላይ ይስላሉ፣ ያባዛሉ፣ ያካፍላሉ። «ይወድቃል» አሉኝ። «ያ የግራ ትከሻ ሽቦ ያን ክንፍ አይችልም። ልንገረውና እመለሳለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።»

ወረዱ። «ይወድቃል» አሉት ክላይቭን።

«ሠላሳ ዓመት ሽቦ ስጎነጉን ወድቆብኝ አያውቅም» አለ ክላይቭ።

ሁለቱም እጃቸውን አጣምረው የልብሱን የሽቦ አጽም እያዩ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። መጀመሪያ ከውስጥ እንደ ጉንዳን ጥርስ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የግራው ክንፍ ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ አለና የዶቃውን ጠረጴዛ ይዞ ወረደ። ያን ቀን እስከ ማታ ዶቃ ስለቅም ዋልኩ። ሚስ ኦርሊን ወንበር አምጥታ አባባን ክላይቭ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። «ኢንጂነር፣ ካሁን ጀምሮ እዚህ ነዎት» አለች። የአውቶቡስ ሹፌር ቁጭ በል ስትል ይቀመጣል፤ ተቀመጡ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። በየጠዋቱ አብረን እንወርዳለን። እኔ ወርቃማ ወረቀት አጣብቃለሁ፤ እነሱ ሽቦ እያጠማዘዙ ይጨቃጨቃሉ። አባባ አንድ ውል አስገቡ፤ ትከሻውን፣ ክንፉንና አንበሳውን ይሠራሉ፣ ዘውዱን ግን በእጃቸው አይነኩም። ንጉሥ ብለውም አይጠሩትም። «ሸክሙ» ይሉታል። ክላይቭ «የግርማዊነታቸውን ቀኝ ከፍ አድርግልኝ» ሲል፣ አባባ «የሸክሙ ቀኝ ልኩ ላይ ነው» ይላሉ። እኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚሠሩ መስሎኝ፣ ሸክሙ የቱ ጋ እንዳለ ለሳምንታት ስፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ክላይቭ ፒንሳውን አስቀመጠ። «ኢንጂነር፣ ለእኛ ማን እንደነበሩ አታውቅም» አለ። በዚህ ጊዜ ወደ አንተ ወርደዋል። «ኪንግስተን ልጅ ሆኜ፣ አስተማሪዬ ጥቁር ሰው ንጉሥ ሆኖ አያውቅም አለኝ። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። አባቴ ከጋዜጣ ላይ የእሳቸውን ፎቶ ቆርጦ አልጋዬ ራስጌ ለጠፈልኝ። እኔን ያሳደገኝ ያ ፎቶ ነው።»

«እኔንም ያው ፎቶ ነው ያሳደገኝ» አሉ አባባ። «በየክፍሉ ተሰቅሎ ነበር። ልዩነቱ፣ እኔ ላውርደው ብል አይፈቀድልኝም።»

ከዚያ ሁለቱም የአንበሳውን ጅራት ሠሩ።

ክላይቭ ለሌሎች ብዙ ንጉሥ ሠርቷል፤ ራሱ ለብሶ ወጥቶ ግን አያውቅም። ሐኪሙ ወገቡን አይቶ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ነግሮታል። ይህን አንዱን ራሱ ለብሶ ወጥቶ ሊያቆም ነው። ለብሶት እየቆመ ሽቦ ማጠማዘዝ ስለማይችል፣ ቁመታቸው እኩል የሆነው አባባ እንደ ልብስ መስቀያ እየቆሙ ይለካባቸዋል። ሸክሙ ከትከሻ ላይ በማንገቻ ይያዛል፤ ከኋላ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ክብደቱን ይረዳሉ። ከሁሉ በላይ አባባ የኮሩት በክንፉ ነው። የለበሰው ሰው እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ፣ ክንፎቹ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ብትን ይላሉ። መጀመሪያ የሠራ ዕለት አባባ እጃቸውን አሥር ጊዜ አነሱ፣ አሥር ጊዜ አወረዱ። አያቴን እንዲህ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም ነበር።

እማዬ አንድ ቀን ኦፍ ስትሆን ለማየት ወረደች። ሚስ ኦርሊን በወርቃማ ዶቃ የተሠራ ትንሽ ነገር አሳየቻት። እማዬ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «በጣም ያምራል። የሳንቲም ቦርሳ ነው?» አለቻት።

«የሴቶቹ ልብስ ነው» አለች ሚስ ኦርሊን።

«የቱ ክፍሉ?»

«ሙሉው።»

እማዬ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ማታ ለብቻዬ ጠርታኝ አንበሳውን ብቻ እንድነካ አስጠነቀቀችኝ። ግን ባዶ እጇን አልተመለሰችም። በሁለት የተጠበሰ ቂጣ መሃል የሽንብራ ወጥ ያለበትን የሚስ ኦርሊንን ምግብ፣ በፎይል የተጠቀለለ ስድስት ይዛ ነበር።

የካርኒቫሉ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሚስ ኦርሊን «ጠዋት ፓኑ በትራክ ይመጣል» ስላለችኝ፣ ፓን መጥበሻ መስሎኝ ቁርስ ሳልበላ ወረድኩ። የመጣው በርሜል ነው። ከነዳጅ በርሜል የተሠራ፣ ሲመታ ግን ብርጭቆ የሚዘምር የሚመስል ከበሮ፤ ትራኩን ሞልተውታል። አርባ የሚያህል ሰው ላባውን ለብሶ መንገዱ ላይ ቆሟል። የቀረው ንጉሡን ማውጣት ብቻ ነው።

አራት ሆነው አነሱት። በሩ ጋ ደረሱ። ቆሙ።

ሸክሙ ከጋራዡ በር ይሰፋል።

አባባ ለሰባት ሳምንት ክብደቱን፣ ንፋሱን፣ የመንገዱን ዳገት ሳይቀር አስልተዋል። ሚስ ኦርሊን ሁሉንም በየተራ አየቻቸውና «በሩን ማን ነው የለካው?» አለች። ክላይቭ አባባን አየ። አባባ ክላይቭን አዩ። ከዚያ ሁለቱም በሩን አዩት፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ሁሉ።

«ወደ ጎን አጋድሙት!» አሉ አባባ። አጋደሙት። ከላይ ትንሽ ላባ ቀረ እንጂ ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ። ያኔ ነው ክላይቭ ጎንበስ ብሎ መጨረሻውን ጎማ ሊያቃና ሲል፣ እንዳጎነበሰ የቀረው።

«ክላይቭ?» አለች ሚስ ኦርሊን።

«እንዳትነኩኝ» አለ ወደ መሬት እያየ።

እማዬን ጠርቼ መጣሁ። ወለሉ ላይ አስተኛችው፣ የእግሩን ጣቶች እንዲያንቀሳቅስ አደረገችው፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አስገባች። «ጡንቻው ነው የያዘው። ዛሬ ግን አይቆምም» አለች። ሐኪም ቤት ሲሉት እምቢ አለ። ትራኩ ላይ ፍራሽ አንጥፈው እንዲወስዱት ለመነ። ከዚያ ዓይኑ ወደ አባባ ዞረ።

«ኢንጂነር፣ ባንተ ቁመት ነው የተለካው።»

«አይሆንም» አሉ አባባ።

«ንጉሥ ከሌለን ከውድድሩ ውጭ ነን» አለች ሚስ ኦርሊን። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«አይሆንም። ሌላ ነገር ጠይቁኝ። ይሄን አልለብስም።»

አርባው ሰው ከነላባው ወደ አባባ ዞረ። ክላይቭ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ነገሩ ሁሉ ግራ አጋባኝ። አባባ ራሳቸው ሰመሩን ሙሉ ሲሉት የነበረውን ማንም ያስታወሰ የለም። እጃቸውን ጎተትኳቸው።

«እርስዎ አባባ» አልኩ በዚያ አማርኛዬ፣ «ንጉሥ አይደለም እኮ። ሸክሙ ነው። አንተ ሸክሙ ነው ያልከው።»

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። አባባ አዩኝ። ጃኬታቸውን አውልቀው ለእማዬ ሰጧት። መነጽራቸውን ሰጧት። «ዘውዱን ግን ራሴ ላይ አላደርግም» አሉ።

ሰልፉ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ያህል ቢቀረን ነው፤ አባባ ግን ሽቦ ቆርጠው ከአጽሙ ጋር አያያዙትና ዘውዱን ከራሳቸው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው አንጠለጠሉት። አልለበሱትም። ከላያቸው ነው። ክላይቭ ከፍራሹ ላይ ቀና ብሎ አይቶ «ኢየሱስ» አለ። እማዬ እንደ ጸሎት ቆጥራ «አሜን» አለች።

ዳውንታውን ስንደርስ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ተሞልቷል። የሌሎቹ ቡድኖች ነገሥታት ይዘላሉ፣ ይሽከረከራሉ። የእኛ ንጉሥ አይጨፍሩም። አባባ በካባው ውስጥ ቀጥ ብለው፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳያዩ፣ መነጽር ስለሌላቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ በቁጣ ይራመዳሉ። ሰው ትወና መሰለው። «እዩት! ልክ ንጉሥ!» ይላሉ። እማዬ ጃኬታቸውን በክንዷ ይዛ፣ በሌላ እጇ ውሃ ይዛ ከጎናቸው ትሄዳለች። የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ሴት ከዳር ሆነው «እንዴ፣ እነዚያ ሰውዬ ማን ናቸው?» ሲሏት፣ ትንሽ አመነታችና «አባቴ ናቸው» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ ደገመችው።

እኔ ትራኩ ላይ ክላይቭ አጠገብ ነበርኩ። እሱ ተጋድሞ ሰማዩን ብቻ ነው የሚያየው። የማየውን እነግረዋለሁ።

የዳኞቹ መድረክ ፊት ስንደርስ፣ ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ በአማርኛ «ደምሴ! አንተ ደምሴ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ይልማ ነበሩ፤ የአባባ የተማሪነት ጓደኛ። የእኔን ሥራ እንዲያዩ አባባ ጋብዘዋቸው ከሳን ሆዜ በባቡር ነው የመጡት። ጓደኛቸውን በጃንሆይ ካባ፣ ከክንፍና ከአንበሳ ጋር ሲያዩ፣ ሳቃቸው መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ዝም ብለው ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ቡጢያቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱና ባለ በሌለ ኃይላቸው «መሬት ላራሹ!» አሉ።

አባባ ቆሙ። ትራኩ ቆመ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ። እሳቸውም ቡጢያቸውን ጨብጠው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ «መሬት ላራሹ!»

እጃቸው ሲነሳ ክንፉ ብትን አለ። ሕዝቡ ጮኸ። አባባ ደገሙት፤ ክንፉም ደገመው። ትራኩ ላይ ከከበሮዎቹ ጋር ብረት የሚመታው ልጅ ምቱን ያዘ፤ ሚስ ኦርሊን በአውቶቡስ ድምጿ ተቀበለች፤ አርባው ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ «መሬት! ላራሹ! መሬት! ላራሹ!» እያለ መዝለል ጀመረ። ጋሽ ይልማ መንገዱ መሃል ገብተው ከባለ ላባዎቹ ጋር ትከሻቸውን ይመታሉ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ ክላይቭ እጄን ጨብጦ። «እቴጌ፣ ተርጉሚልኝ! ምን እያለ ነው?» እኔን እቴጌ ነው የሚለኝ።

መሬት አውቃለሁ። ሁለተኛውን ቃል ግን «ለራሱ» ነው ብዬ ነበር የሰማሁት።

«ምድሪቱ የራሱ ናት እያለ ነው» አልኩት።

የክላይቭ እንባ በሁለቱም ጎን ወደ ጆሮው ወረደ። «የእሱ ናት!» አለ ለሰማዩ። «በመጨረሻ! የእሱ ናት!»

ሦስተኛ ወጣን። ከዳኞቹ አንዱ፣ ዘውዱ ሳይነካ ከላይ መንሳፈፉ ጥልቅ ሐሳብ ነው ብለው ጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ክላይቭን ቤቱ አስተኛነው። እማዬ ወገቡ ሥር የሙቅ ውሃ ላስቲክ አደረገችለትና ምግብ ልታሞቅ ገባች። አባባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትከሻቸው ላይ የማንገቻው ምልክት ቀልቶ ነበር።

«ሰማሁህ፣ ኢንጂነር» አለ ክላይቭ። «ሰመሩን ሙሉ ስትክደኝ ኖረህ፣ ዛሬ በሕዝብ ፊት አመንክ። ምድሪቱ የእሳቸው ናት አልክ።»

«ምን አልኩ?»

ክላይቭ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። እኔ ሳህኔ ውስጥ ያለውን ሽንብራ መቁጠር ጀመርኩ።

አባባ ነገሩ እስኪገባቸው ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪፈስ፣ የቀላውን ትከሻቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።

«ያልኩት፣ መሬት ለሚያርሰው ሰው ይሁን ነው» አሉ። «ዛሬ ከዳር የጮኸው ይልማ ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ክፍል አብሮኝ ይኖር ነበር። አባቱ ጢሰኛ ነበሩ፤ በሰው መሬት አርሰው ካመረቱት እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣሉ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ገበሬ ቤት ገብቼ አላውቅም። አንድ እረፍት ይዞኝ ሄደ። አባቱ የልጄ ጓደኛ ብለው ሳምንት ሙሉ አጠገቡኝ። ለካ የሚያበሉኝ ለዘር ያስቀመጡትን እህል ነው። ይልማ የነገረኝ ከተመለስን በኋላ ነው። ያኔ ነው ሰልፍ ወጥተን የጮህነው። ሦስት ወር ታሰርን። እስር ላይ ሳለን አባቱ ሞቱ። ልቅበር ብሎ ለመነ፣ አልፈቀዱለትም።»

እማዬ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አባባ» አለች በአማርኛ፣ «ለምንድን ነው ነግረውን የማያውቁት?»

«እንጃ» አሉ። «በአማርኛ አልወጣ አለኝ።»

እኔም ያን ጊዜ ነው ድልድይ እንዳልሰረቁ ያወቅኩት።

«ለዘር ያስቀመጡትን» አለ ክላይቭ ለራሱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ «አሁንም እወዳቸዋለሁ፣ ኢንጂነር» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ አባባ። «አትንቀሳቀስ።» ላስቲኩን አውጥተው፣ ገልብጠው፣ መልሰው ወገቡ ሥር አስገቡለት።

«ለሚመጣው ዓመት ግን» አለ ክላይቭ፣ «ያን ገበሬ ብንሠራውስ? ትልቅ አድርገን፣ በክንፍ።»

«አንተ ከባድ ነገር አታነሳም ተብለሃል። ደግሞ ገበሬ ክንፍ የለውም።»

«ጃንሆይስ ነበራቸው?»

አባባ እርሳስ አወጡና ናፕኪን ላይ ክንፍ መሳል ጀመሩ።